ታቦት የሌለው ደን

የወንድሜ ምላስ ጤፍ ይቆላል። እሱ ሮተርዳም ተቀምጦ፣ እዚያው አገር ስሎተርቫርት በሚባል ሰፈር እኔ ጋ የምትኖረውን እናታችንን በስልክ አግባብቶ አየርላንድ ድረስ አስጎተታት። ጉልበቷ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ከተባለች ወዲህ ፍርሃቱ እንቅልፍ ነስቷታል፤ ወረፋው በተቃረበ ቁጥር ሌላ መላ ትፈልጋለች። ይህን እያወቀ፣ ‹‹እማዬ፣ ጥንታዊ ደን ነው፤ ዝናብ አይለየውም፤ ውኃው ራሱ መድኃኒት ነው እኮ!›› አላት።

ደኑ እውነትም ያስደነግጣል። ግንዱም ድንጋዩም አረንጓዴ የዛፍ ሽበት ለብሷል፤ ከየቅርንጫፉ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ሰማይ አይታይም። እናቴ መግቢያው ላይ ተሳለመች። ከዝናብ ልብሷ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ምርኩዟን ይዛ፣ ያን የሚያዳልጥ መንገድ ተያያዘችው። ትንሽ እንረፍ ስላት፣ ‹‹ስንደርስ›› ትለኛለች። የት እንደምንደርስ አልጠየቅኳትም።

ጅረቱ ጋ ስትደርስ ከቦርሳዋ ባዶ ሃይላንድ አውጥታ ዙሪያዋን ቃኘች።

‹‹ቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል ነው?››

ፎቶ እያነሳ ከኋላችን የሚከተለው ወንድሜ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ሳቀ። ‹‹እማዬ ደግሞ! የምን ቤተ ክርስቲያን? ናሽዮናል ፓርክ እኮ ነው!››

‹‹ታቦት ከሌለማ ይሄን ሁሉ ዛፍ ማን ሳይቆርጠው ተወ?›› አለች ግራ ተጋብታ።

ደሜ ፈላ። እኛ ባደግንበት አገር ያረጀ ዛፍ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው። እሱም ያውቃል፤ አብረን ነው ያደግነው። ጥንታዊ ደን፣ መድኃኒት የሆነ ውኃ ሲላት ጸበል አለ ብላ ነው የመጣችው። ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰችውም ለዚሁ ነበር፤ ጸበል በባዶ ሆድ ነዋ! እኔ ሞኟ ጉዞው ከብዷት መስሎኝ ነበር። ‹‹አፍህን ዝጋ!›› ብዬ ጮኽኩበት። እሱ እየሳቀ ፎቶ ወደ ማንሳቱ ተመለሰ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ የምለውም አይመስለኝም።

ሃይላንዱን ከእጇ ተቀብዬ ከጅረቱ ሞላሁላት። ‹‹ጠጪ እማዬ፤ እግዚአብሔር የትም አለ።››

ውኃውን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

‹‹ይሄማ ውኃ ነው ልጄ›› አለች። ‹‹እንግዲህ ቢላዋው አይቀርልኝም።››

ከዚያ ዳቦ ይዤ እንደሆነ ጠየቀችኝ።