ኔትወርክ የለም

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ደጃፍ ሳልፍ፣ ጠጋኙ አንድ ወፍራም አሮጌ ሞኒተር ከፍቶ መብራት ሰጥቶት ነበር። ለዓመታት የተጠራቀመ አቧራ ሲሞቅ የሚሸተውን ታውቁታላችሁ፤ የተቃጠለ ፀጉር ይመስላል። እግሬ ቆመ። አፌ ውስጥ የደም ጣዕም መጣ። ያን ቀን ምላሴን ነክሼ ነበርና ምላሴ ሳይረሳው ቀርቷል።

ስለዚያ ቀን ለሰው የማወራው ያማረ ታሪክ አለኝ። አሁን የምነግራችሁ ግን የሆነውን ነው።

በነገሩ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። አባቴ፤ እህል ነጋዴ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ የተጣላ ባልና ሚስት የሚያስታርቅ። እናቴ፤ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። ታላቅ ወንድሜ፤ በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ የገባ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ሳሙናና ዳቦ የሚሸጥ። ጎረቤታችን ባለሱቁ፤ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ በአንድ ግድግዳ የምንዋሰነው። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ የሃያ ዓመት ልጅ፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ፈተና የጣለኝ፣ በአንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የሰው ማመልከቻ የምጽፍ። ኮምፒዩተር ያስተማረኝ ሰው የለም። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ የማሽኑን መመሪያ ገጽ በገጽ አንብቤ ነው የተማርኩት። በዚህ እኮራ ነበር። ኩራት ደግሞ ዓይን ይሸፍናል።

አባቴ እናቴን ይመታ ነበር። አንድ ጠብታ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። ሰካራም ቢሆን የምናሳብበው ነገር ይኖረን ነበር። በንጹሕ አእምሮው፣ ኮቱን አውልቆ፣ አጥፎ ወንበር ላይ ካስቀመጠ በኋላ ነው የሚመታት። ኮቱ ሲወልቅ ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ ድመቷ እንኳ ትወጣለች። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማደርገው አንድ ነገር ነበር፤ በሩ ላይ መቆም። አልገባም፣ አልሄድም።

ወንድሜ ይህን አያውቅም ነበር ማለት አልችልም። የሄደው ግን ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አባታችንም በዕድሜ በርዷል ብሎ ያምን ነበር። በስልክ ሲደውል ስልኩን የሚይዘው አባቴ ነው። እናቴ ከጎን ሆና «ደህና ነን፣ ጌታ ይመስገን» ትላለች። ድምፅ አይበልዝም፤ በድምፅ ሁሉም ቤት ደህና ነው።

ኮምፒዩተሩን ያስገዛን ወንድሜ ነው፤ ፊታችንን ማየት ናፍቆት። ሞኒተሩን ከአዲስ አበባ ጀምሮ በአውቶቡስ ጭኔ ላይ ታቅፌው መጣሁ፤ ወራቤ ስንደርስ እግሮቼን አላውቃቸውም ነበር። ኢንተርኔቱ በምትሰካ ትንሽ ዶንግል ነው፣ እሷም ሳሎን ውስጥ አትይዝም። በረጅም ገመድ አውጥቼ የመስኮቱ ብረት ላይ አሰርኳት። ከጀርባዋ የድስት ክዳን ሳቆምላት ደግሞ ትበረታለች። እናቴ ወጥ ልትከድን ክዳኑን ስታነሳው ወንድሜ ከስክሪኑ ላይ ይጠፋል። የካሜራው መቆንጠጫ ስለተሰበረ ካሜራውን መደርደሪያው ላይ፣ ከመጻሕፍቱ አናት አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ሆኖ ሳሎኑን በሙሉ ያያል።

የመጀመሪያው ቀን አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ በጸሎት ከፈተ። እናቴ ፎቶ ቤት እንደገባች ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ ዓይኗንም አላርገበገበችም።

«እማዬ፣ ተንቀሳቀሺ እንጂ! ኔትወርኩ ቆመ ብዬ ደነገጥኩ እኮ!» አላት ወንድሜ።

አፏን ሸፍና ሳቀች። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ኮፍያህን አውልቅ።»

«ብርድ ነው እማዬ።»

«አውልቅ አልኩህ።»

አወለቀ። ከቅንድቡ እስከ ጆሮው ድረስ የተሰፋ ጠባሳ ነበረው።

«ምን ሆንክ?»

«ወደቅኩ።»

ይህችን ቃል ቤታችን ያውቃታል። ጎረቤት ሲጠይቃት እናቴ የምትመልሳት ቃል ነበረች። አባቴ ግን አፋጠጠውና እውነቱን አወጣ፤ ሱቁን ሊዘርፉ የገቡ ሰዎች በሽጉጥ ሰደፍ መትተውት ነበር። አባቴ መሐረቡን አወጣ። «ሰው የሰውን ልጅ እንዴት እንዲህ አድርጎ ይመታል?» ብሎ አለቀሰ። እያስመሰለ አልነበረም። ከልቡ ነበር። እናቴ የገዛ እጆቿን ትመለከት ነበር፤ ክርኗ ላይ ያለው ሰንበር ገና አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ መልእክት መጻጻፍ ለመድን። ወንድሜ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፋል፣ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ። አባቴ ቆሞ ይናገራል፣ እኔ እመታለሁ። «ለተወደድክ ልጄ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልህ ብለህ ጻፍ።» ወንድሜ «ኧረ አባባ፣ ይሄ እኮ ቻት ነው፣ አጠር አድርጉት!» እያለ ይስቃል።

አንድ እሑድ ግን እናቴ አንድ ዓይኗ አልከፈት ብሎ ዋለ። የወንድሜ መደወያ ሰዓት ሲደርስ አባቴ ወደ ኮምፒዩተሩ ሳያይ «ዛሬ ኔትወርክ የለም በለው» አለኝ። ጻፍኩ። ወንድሜ «ታዲያ ይሄ ጽሑፍ እንዴት ደረሰኝ?» ብሎ መለሰ። «ለጽሑፍ ትበቃለች፣ ለፊት አትበቃም» አልኩት። በመልሴ ተደሰትኩ እንኳ። ከዚያ ወዲያ አባቴ ማዘዝ አላስፈለገውም፤ የእናቴን ፊት አይቼ ራሴ እጽፈው ነበር። ልብ በሉ፤ ዱላ የያዘው እሱ ነበር፣ ደሙን የምጠርገው ግን እኔ ነበርኩ።

ዛሬ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ጥብቅ አባት ነኝ፤ ስልካቸውን አያለሁ፣ ሰዓታቸውን እቆጥራለሁ። ግን አንድ ቀን እንኳ እጄን አንስቼባቸው አላውቅም። ሰው ደግ ስለሆንኩ ይመስለዋል። እጄን ስለማውቀው ነው።

እናቴ ከማውስ ጋር አልተግባባችም። «ይቺ ነገር እንደ ጫጩት ከእጄ ትሸሻለች» ትላለች፤ ጥሪ ሲመጣ ደግሞ እንደ ስልክ አንስታ ጆሮዋ ላይ ታደርጋታለች። እኔ ቀን ሥራ ላይ ነኝ፣ አባቴ ገበያ ነው፣ ወንድሜ ደግሞ ከምሳ በኋላ ሱቁ ቀዝቀዝ ስለሚል እሷን ማግኘት ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ትእዛዝ አለ፤ ጥሪ ሲመጣ ማሽኑ ራሱ እንዲያነሳ፣ ካሜራውንም ራሱ እንዲከፍት። ያንን አበራሁት። ለአባቴ አልነገርኩትም። ለእናቴ ብዬ ነው ያደረግኩት፤ እውነት ነው። ነገር ግን ቁልፉን ስጫን ሌላም ነገር አስቤአለሁ። አንድ ቀን ወንድሜ ያይ ይሆናል ብዬ አስቤአለሁ። በሩ ላይ መቆም ሰልችቶኝ ሌላ ሰው በቦታዬ ላቆም ፈለግሁ።

ሁለት ሳምንት እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ከልጇ ጋር አወራች። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ የክረምት ቅዳሜ። አባቴ ከፎንቆ ገበያ ዝናብ መልሶት ቀደም ብሎ መጣ። ባለሱቁ ክፋት ሳያስብ ከደጁ ሆኖ፣ «ትልቁ ልጅህ ፀጉሩን ተላጨ አሉ! እናቱ ትናንት ስትስቅበት በግድግዳው ሰማሁ እኮ» አለው። እኔ ለምሳ መጥቼ ደጅ ላይ የእግሬን ጭቃ እያጠብኩ ነበር፤ ሰማሁ። አባቴ ወደ ቤት ገባ።

«መቼ አየሽው?»

«ማንን?»

«ልጄን። እኔ ሳላውቅ፣ በቤቴ፣ መቼ አየሽው?»

ኮቱን አወለቀ። አጠፈው። እርጥብ ስለነበረ ሁለት ጊዜ አራግፎ አጠፈው። የመጀመሪያው በጥፊ ነበር። ከዚያ ከዘራውን አነሳ፤ ለሽምግልና የሚይዘውን። ጀርባዋን፣ ትከሻዋን፣ ስትጎነበስ የራሷን ግራ በኩል። ከዘራ አጥንት ሲያገኝ ድምፁ እንጨት ሲፈለጥ እንደሚሰማው አይደለም፤ ደረቅና አጭር ነው። እሷ በሀዲይኛ እግዚአብሔርን ትጠራለች፣ እሱ በሀዲይኛ ይሰድባል፣ እኔ በሩ ላይ ነኝ።

ኮምፒዩተሩ ጠራ። አንዴ ብቻ። ከዚያ ራሱ አነሳው።

የወንድሜ ፊት ፈገግ እንዳለ መጣ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ኔትወርኩ የቆመ መሰለኝ፣ ኔትወርኩ ግን አልቆመም።

«እማዬ! አባባ! ተው!»

አባቴ ወደ ጣሪያው አየ፣ ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ የልጁን ፊት አገኘው። ምን እንደተሰማው አላውቅም። ያየሁት ሞኒተሩን በሁለት እጁ ገፍትሮ መሬት ላይ ሲጥለው ነው። እንደ ጥይት ጮኸ። የተቃጠለ አቧራ ሸተተ። ዝም ይላል ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ማሽኑ ጠረጴዛው ሥር፣ ካሜራውም መደርደሪያው ላይ እንደበራ ነው። እኛ አናየውም፣ እሱ ያየናል። ድምፁ ከስፒከሩ መምጣቱን አላቆመም።

«አንተ! በሩ ላይ ቆመሃል አይደል? ያዘው! እናትህን እየገደላት ነው፣ ያዘው!»

ገባሁ። ከዘራውን ቀማሁት። ለሰው ስናገር «ገፋ አደረግኩት» እላለሁ። አልገፋሁትም። መታሁት። የቀኝ እጁን አንጓ በገዛ ከዘራው መታሁት፣ ሲሰበርም ሰማሁት። ምላሴን የነከስኩት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ እጁን ታቅፎ ተንበርክኮ ነበር፤ የሚማታ ሰው አልነበረም። ሁለት ጊዜ ደገምኩት፣ ጀርባው ላይ።

«በቃ! በቃ አልኩህ!» የሚለው የወንድሜ ድምፅ ከዚያ በኋላ ደረሰ። ኋላ ሲነግረኝ ገና በመጀመሪያው ምት ነበር የጮኸው፤ መስመሩ ስለሚዘገይ እኔ ዘንድ የደረሰው ከሦስተኛው በኋላ ነው። ብዙ ዓመት በዚህ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ። መስመሩ ፈጣን ቢሆን ኖሮ አቆም ነበርን? አላቆምም ነበር።

እናቴ ግራ ጆሮዋን በእጇ ይዛ እየተሳበች መጣችና አባቴ ላይ ተደፋችበት። «እጅህ ይድረቅ! አባትህን? አባትህን?» ብላ ጮኸችብኝ። ባለሱቁ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ገባ፤ ወንድሜ ነበር የደወለለት። ሞኒተሩን፣ ደሙን፣ ከዘራውን እኔ እጅ ላይ አየ።

«ያ አላህ! አንተ ልጅ፣ አብደሃል እንዴ? አባትህ እኮ ነው!» አለና ወደ ስልኩ፣ «አለሁ፣ አለሁ፤ እናትህ በሕይወት አለች። እኔን ስማኝ፣ አታልቅስ» አለው።

አባቴ ሐኪም ቤት አልሄድም አለ፤ ይጠይቁኛል ብሎ። ወጌሻ ተጠራ። ወጌሻው «ምን አገኘዎት አባቴ?» ሲለው አባቴ ግድግዳውን እያየ፣ «ወደቅኩ» አለ።

ሰኞ ጠዋት ከሥራ ቦታዬ መልእክት ከፈትኩ። ወንድሜ ሌሊቱን የተጻጻፍነውን ሁሉ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ሲያነብ አድሮ ነበር። እንዲህ ይላል፦ «ኔትወርክ የለም ያልከኝን ቆጠርኩት። አሥራ አንድ ቀን ነው። ሁሉም ናቸው?»

 «አሥር ናቸው። አንዱን ቀን እውነትም ኔትወርክ አልነበረም» ብዬ መለስኩ።

አላናገረኝም፤ ስድስት ዓመት።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሎች መጡ። አባቴን ከሽምግልናው አወረዱት፣ እኔን ለአንድ ዓመት ከኅብረት አገዱኝ። ፍርዳቸው ትክክል ነበር። አባቴ ከዚያ ወዲያ እናቴን አልመታም። ተጸጸተ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አላውቅም። አጥንቱ ጠምሞ ስለገጠመ ሲኒ እንኳ በዚያ እጅ አይጸናለትም ነበር። እናቴ ነበረች የምታጎርሰው።

እንግዲህ ምን አስከፈላችሁ ብትሉኝ፣ ድምሩን እነግራችኋለሁ። ባለሱቁ «ምነው ያን ቀን አፌን በያዘው» እንዳለ ኖረ፤ ከአባቴ ጋር የነበረው የሃያ ዓመት ጉርብትና ከደጅ ሰላምታ በላይ ሳይሆን ቀረ። አባቴ ቀኝ እጁንና የሽማግሌ ወንበሩን ከፈለ። ወንድሜ አገሩን ከፈለ፤ ያን ዓመት ሊያገባ ሊመጣ ነበር፣ «በዚያ በር እንዴት አድርጌ እገባለሁ?» ብሎ ቀረ፣ አባታችን ሲቀበርም አልመጣም። እኔ የአባቴን ምርቃት ከፈልኩ። በመጨረሻው ሕመሙ ያንን የተጣመመ እጁን ዘረጋልኝ፣ ጥፍሩን ቆረጥኩለት። አልመረቀኝም። እጁንም ቶሎ አልሳበውም።

እናቴ የግራ ጆሮዋን ከፈለች፤ ቀኙም እየደከመ ነው። አሁን ልጄ በስልኳ በቪዲዮ ትደውልላታለች፤ ወንድሜ ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ መላጣ ሆኗል፣ መነጽር አድርጓል። እናቴ ግን ድምፁን ለመስማት ስልኩን ወዲያው ቀኝ ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች። የጆሮ ማዳመጫ ባመጣላት «እሱን አልሰካም» አለች።

«እማዬ፣ ፊትሽን አሳዪኝ» ይላታል።

«እሺ ልጄ፣ እሺ፣ ሰማሁህ» ትለዋለች፣ ይበልጥም ትጫነዋለች።

እሱ የሚያየው ጆሮዋንና ሽበቷን ነው።