ሁለት እጅ የሚፈልግ ምርቃት

ዘበነ ስልክ በእጁ ይዞ ነድቶ አያውቅም። ዲቲኮን በምትባል የፈረንጅ አገር ከተማ የሚኖር፣ ኦፕፊኮን በምትባል ሌላ ከተማ ያለ የአንድ ሆቴል እንግዶችን ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚያመላልስ፣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀረው ሾፌር ነው። መሪ ይዞ ስልክ የሚነካካ ሰው ሲያይ ደሙ ይፈላል። የራሱ ስልክ ከመሪው አጠገብ ተሰክቶ፣ በድምፅ ማጉያ ነው የሚያነጋግረው። ሕጉም እስከዚያ ድረስ ይፈቅዳል።

ጉድ ያፈላበት ታዲያ ስልኩ አይደለም፤ እጁ ነው።

እናቱን በልጅነቱ ያጣውን ዘበነን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ እትዬ ትርፍነሽ ናት። አዲስ አበባ ሚኒባስ ሲነዳ፣ በየማለዳው ነጠላዋን ጣል አድርጋ እስከ በር ትወጣና «እጅህን ከመሪ አይለይብኝ» ብላ ትመርቀው ነበር። እሱም ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል፤ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ አሜን ይላል። ምርቃት በአንድ እጅ አይቀበሉትም። ያ ማለዳ ከነናፍጣ ሽታው ዛሬም ውል ይለዋል።

ባለፈው የእንቁጣጣሽ ዕለት ባዶ መኪና እየነዳ ወደ ሆቴሉ ሲመለስ ደወለችለት። የአዲስ ዓመት ነውና ምርቃቱን አስረዘመችው። ልማድ ክፉ ነው፤ ሳያስበው ሁለቱም እጆቹ መሪውን ለቀው ተዘረጉ። «አሜን» ሲል የፖሊስ መኪና ከጎኑ ደርሷል።

«ስልክ አልያዝኩም» አላት፣ ያስቆመችውን ወጣት ፖሊስ።

«አይቻለሁ። መሪውንም አልያዙም» አለችው።

መንጃ ፈቃዱ ለአንድ ወር ተወሰደ። ሆቴሉ ቦታውን ጠበቀለት፤ እስከዚያ ሻንጣ ተሸከም አለው። በሹፍርና ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅምና አፈረ። እህቱንም ደበቃት።

አንድ ጠዋት በባቡር ወደ ሥራ ሲሄድ ደወለች።

«እየነዳህ ነው እንዴ?»

ለእሷ መዋሸት አይሆንለትም፤ ሁሉንም ዘረገፈላት። ትስቃለች ብሎ ሲጠብቅ ድምፅዋ ተሰበረ።

«እጅህን ከመሪ የለየሁት እኔው ነኛ።»

«ኧረ እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«በል ስማኝ። ከእንግዲህ እየነዳህ ከሆነ አታንሳው። እኔ እዚሁ ሆኜ እመርቅሃለሁ፣ እጄንም እኔው እዘረጋልሃለሁ፣ አሜንም እልልሃለሁ።»

ዘበነ ድምፅ ማጉያውን ከፈተ። ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ሰው ሁሉ እያየው ሁለት መዳፉን ዘረጋ።

«ዛሬ መሪ የለኝም እትዬ። እንደ ድሮው መርቂኝ።»

መረቀችው። የሚወርድበትን ጣቢያ አለፈ።