የስፌት ክፍሉ ደወል

ያስገቡኝ ክፍል ልጄ ልብስ ስፌት የተማረችበት ነው። ፖሊስ ጣቢያው ስለሞላ ሴቶቹን ወደ ተዘጋው ኮሌጅ ወሰዱን። የስፌት መኪኖቹ ተነስተዋል። እግሮቻቸው የቆሙበት ቦታ ብቻ ሲሚንቶው ላይ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ረድፍ በረድፍ። ጥግ ላይ የቀይ ክር ቁራጭ አገኘሁና አነሳሁ። የልጄ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ እንዳይታይብኝ ፈርቼ ጣልኩት።

የፈለጉት እሷን ነው። በተማሪዎች ስብሰባ ላይ ተናግራለች ተባለ። ወሬውን ገና ስሰማ ድሬ ጠያራ ገጠር ዘመዶቻችን ዘንድ ላክኋት። ፈሪ ሰው ነኝ፤ ከፍርሃቴ የተነሳ ሁሉን ነገር ሁለቴ አያለሁ። ጫማዋን፣ ልብሷን፣ የስፌት መቀሷን ሳይቀር ከቤት አወጣሁ። ሲመጡ «ተድራ ሩቅ አገር ሄዳለች» አልኳቸው። ቤቱን ፈትሸው ሲያጡ በእሷ ፈንታ እኔን ይዘው ሄዱ።

ክፍሉ ውስጥ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ከጀጎል ግንብ ውጭ ካሉት የክርስቲያን ቤተሰቦች ናቸው። እዚያው ኮሌጅ ስፌት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። እሳቸውም በልጃቸው ሰበብ ነው የተያዙት። እንደገባሁ ቦታ አሳዩኝ።

«እዚህ መስኮቱ ሥር ተቀመጪ፤ ብርሃን አለ። ጎበዝ ተማሪ የማስቀምጠው እዚህ ነው።»

«እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ዛሬ ኮሌጅ ገባሽ።»

ሳቅሁ፤ ወላሂ ሳቅሁ።

ያን ጊዜ ደወሉ ጮኸ። ግቢው ውስጥ ተማሪ የለም፣ አስተማሪ የለም። ደወሉ ግን በየክፍለ ጊዜው በራሱ ይጮሃል። መምህርቷ ቀሚሳቸውን አስተካክለው ተነሱ፤ ዝም ሲል ተቀመጡ። ወዲያው ከግድግዳው ባሻገር ድምፅ ሰማሁ። በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ነው። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል።

«እዚያ ማነው የሚሰፋው?»

«አይሰፉም። አዲስ ገቢዎች ናቸው» አሉ ቀስ ብለው። «እግራቸው እስኪለምድ ክር ሳይገባ ባዶ መኪና ነው የማስነዳቸው።»

ፊታቸውን አየሁት። ቀልድ አልነበረበትም። ዱዓ ማድረግ ጀመርኩ።

መፍራቴን ሲያዩ ስለ ኮሌጁ ያወሩኝ ጀመር። መጀመሪያ በጀጎሉ ፈላና በር አጠገብ አንድ የኪራይ ቤት ነበር አሉ፤ ሴቶች ከሰዓት በኋላ እየመጡ ስፌትና ፊደል የሚማሩበት። አንዳንዱ ባል በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ ግንባታ ተጨመረ፤ ወጣቶቹ የጀጎልን የድንጋይ ቤቶች መጠገን ተማሩ። ከዚያ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያ የምግብ ዝግጅት፣ በመጨረሻ ኮምፒውተር። «ኮሌጅ የሚለው ስም ከሁሉም በኋላ ነው የመጣው። እሱ ሲመጣ እኔ አርጅቻለሁ።»

ሲያወሩ የመኪናው ድምፅ ይጠፋል። ዝም ሲሉ ይመለሳል። እንዳያቆሙብኝ ስል ያልጠየቅኋቸው ነገር የለም፤ የኮምፒውተሩን እንኳ ጠየቅሁ።

ከሰዓት፣ የአስር ሶላት ካለፈ በኋላ ተጠራሁ። መርማሪው ወጣት ነው፤ አነጋገሩ የጀጎል ልጅ መሆኑን ያሳብቃል። «እርስዎ» እያለ ነበር የሚያናግረኝ። ከቁጣ ይልቅ ትህትናው አስፈራኝ።

«ልጅዎ አግብታለች ብለዋል።»

«አዎ።»

«እንኳን ደስ አለዎት።» ሻዩን ፉት አለ። «ቤትዎ ሲፈተሽ አብሬ ነበርኩ። ምንጣፉ ከበሩ በላይ እንደተጠቀለለ ነው።»

እኛ ዘንድ ያልተዳረች ልጅ ባለችበት ቤት ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከበሩ በላይ ይቀመጣል፤ ስትዳር ይወርዳል። ጫማዋን ደብቄ፣ መቀሷን ደብቄ፣ እሱን ረሳሁት። በየቀኑ ከሥሩ ስለማልፍ ዓይኔ አላየውም። የሌላ አገር ሰው ቢሆን አይቶም ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር።

«ሰው ልኬ ላስወርደው?» አለ። «ወይስ ያለችበትን ይነግሩኛል? ከነገሩኝ አሁኑኑ ቤትዎ ይገባሉ። ካልነገሩኝ ግን መቼ እንደሚወጡ እኔም አላውቅም።»

ሌላ ውሸት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ታጭታለች ልለው፣ ሠርጉ ተላልፏል ልለው። ከዚያ ደከመኝ። ልጄን አንዴ በውሸት ድሬያታለሁ፤ ደግሜ ልድራት አልፈለግሁም።

«አላገባችም» አልኩ። «ምንጣፉን አትንኩት። የሚወርደው በሠርጓ ቀን ነው። የት እንዳለች ግን ከእኔ አይሰሙም።»

ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም። መርማሪው ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ደወሉ ጮኸ።

ብድግ አለ። እጆቹን አጣብቆ፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ተማሪ ቆመ። ደወሉ ዝም ሲል ጠፍቶ የዋለውን አምፖል ቀና ብሎ አየ።

«ይህን ደወል የገጠምኩት እኔ ነኝ» አለ ለራሱ እንደሚናገር። «እዚሁ ኤሌክትሪክ ስማር። ገመዱን ትናንት ቆርጬዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ሌላ አልጠየቀኝም። ወደ ክፍሉ መለሱኝ።

«ምን አሉሽ?» አሉኝ መምህርቷ።

«ምንጣፉን እናውርድ አሉኝ።»

«አንቺስ?»

«አይወርድም አልኳቸው።»

መስኮቱ ሥር ያለውን ቦታዬን በነጠላቸው ጫፍ አበስ አበስ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ። ከግድግዳው ባሻገር መኪናው ይሄድ ነበር፤ ያን ቀን ግን እንዲያወሩልኝ አልለመንኳቸውም።

ሲለቁኝም እንደያዙኝ ነው፤ ለምን እንደሆነ ያስረዳኝ የለም። መምህርቷም ኋላ ወጥተዋል፣ አልሐምዱሊላህ።

ልጄ ነገሩ ሲበርድ ተመልሳ ትምህርቷን ጨረሰች። ዛሬ በዚያው ክፍል ስፌት ታስተምራለች። አዲስ ገቢዎቹን ባዶ መኪና ታስነዳለች። አንድ ቀን ስለ ጎረቤቱ ክፍል ጠየቅኋት።

«እማ፣ ከዚያ ግድግዳ ወዲያ እኮ ክፍል የለም» አለችኝ። «ቁልቋልና ገደል ነው።»



እስካሁን አላገባችም። «አውርጂው እንጂ፣ ሰው ይስቅብኛል» ትለኛለች። ይሳቅ እላታለሁ። አንዳንድ ጠዋት ምንጣፉን አውጥቼ አቧራውን ሳራግፍ የኮሌጁ ደወል ይሰማል። እጄን አቁሜ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። ከዚያ እጠቀልለውና ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።