የተነጠፈልኝን አልጋ መኪያ ተኛችበት

ሰኞ፣ ጧት ሁለት ሰዓት፣ ይፋግ

ወረታ የሄድነው ሁለት ነን፤ እኔና የክፍሌ ልጅ መኪያ። የአካባቢው ትምህርት ቤቶች የሥነ ጽሑፍ ክበባት ለሦስት ቀን ተገናኝተው ጽሑፋቸውን ያነባሉ ተባለ። ከትምህርት ቤታችን የተመረጥነው እኛ ሁለታችን ነን። ስሜ ከተጠራ ቀን ጀምሮ ጽሑፌን ላሟ ስትታለብ ሳይቀር ጮክ ብየ ሳነብ ነበር የከረምሁት።

የት እንደማድር እናቴ አስቀድማ ወስናለች። ወረታ ታናሽ እህቷ እትየ ዘውዴ አለች። «ዘመድ እያለሽ ሰው ቤት ብታድሪ ምን ይሉናል?» አለችኝ። ደውላም ነገረቻት። እትየ ዘውዴ መናኸሪያ ቁሜ እጠብቃታለሁ ብላለች። ባዶ እጅ አይገባምና እናቴ ሽምብራና ነጭ ሽንኩርት በከረጢት ቋጥራ አሸከመችኝ።

መንገዱ ሰላም ነው ስለተባለ ሚኒባሱ ቶሎ ሞላ። ረዳቱ በሦስት ሰው ወንበር አራት አድርጎ አጨቀን። መኪያ ከጎኔ ሁና ስለ አጎቷ ቤት ታወራልኛለች። አጎቷ ወረታ ላይ የታወቁ ነጋዴ ናቸው። ወለሉ ሴራሚክ ነው። ለእንግዳ የብቻ ክፍል አለው። ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወት አለ። ዋይፋይ አለ።

አቤት ቅናት! 

«አንችስ ባንቹየ፣ የት ነው የምታርፊው?» አለችኝ።

«አክስቴ ቤት።»

«ምን ዓይነት ቤት ነው?»

«ቤት ነው» አልኋትና በመስኮት አየሁ።

የርብን ድልድይ ስንሻገር ሜዳው በሙሉ ቢጫ ሁኗል። ሩዙ ሊታጨድ ቀርቧል። ሴቶች ከማማ ላይ ቁመው እየጮሁ ወፍ ያባርራሉ፤ ከብቶቹ ውኃው በሸሸበት ሣር ላይ ተበትነዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ሁሉ ለመኪያ እያሳየሁ እለፈልፍ ነበር። ያን ቀን ግን የማስበው የእትየ ዘውዴን ቤት ነው። ባሏ አያ አለልኝ ሸማኔ ናቸው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹን የሽመና ዕቃቸው ይዞታል። የእንግዳ አልጋ የሚነጠፈው ሲሸምኑ እግራቸውን ከሚሰዱባት ጉድጓድ አጠገብ ነው። ክፍል ውስጥ ልጆች ሸማኔን ሲያጣጥሉ ሰምቼ ዝም ያልሁበት ቀን አለ። ለዚህ ነው «ቤት ነው» ያልሁት።

ወረታ መግቢያ ላይ የሩዝ መፈልፈያዎቹ ሲያጓሩ፣ የመኪያ አጎት ደወሉላት። መናኸሪያ ሳትደርሱ አስፋልቱ ዳር ውረዱ፣ መኪና ይዤ ቁሜያለሁ አሏት።

«አንችም ነይ እንጅ» አለች መኪያ። «ክፍሉ ለሁለታችንም ይበቃል።»

ወረድሁ። ለእትየ ዘውዴ ልደውል ስልኬን አወጣሁ፤ ምን እንደምላት ጠፋኝና መልሸ ከተትሁት።

የመኪያ አጎት ቤት

ሁሉም እንዳለችው ነው። በመስታወቱ ፊት ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። የአጎቷ ሚስት እትየ ዘይነብ ከረጢቱን ከትከሻየ አወረዱልኝ። «የእናትሽ እጅ ይባረክ፤ ደግሞ ምን አስቸገራት?» ብለው ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ። የእትየ ዘውዴ መሆኑ ትዝ ያለኝ የጓዳው በር ከተዘጋ በኋላ ነው። የተሰጠ ስጦታ መልሱልኝ አይባል።

እራት ሽሮና የተጠበሰ እንቁላል ነበር፤ ሩዝ በተቀላቀለበት እንጀራ። የቤቱ ትንሽ ልጅ ሂክማ ስድስት ዓመቷ ነው። ሳህኑን አይታ አኮረፈች። ማክሰኞ ጧት ጫማየን ሳስር መጥታ ፊቴ ተቀመጠች።

«መቼ ነው የምትሄጅው?»

«ነገ። ምነው?»

«አንች እስክትሄጅ ሥጋ የለም ተብለናል።»

በእኛ አገር ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፤ እስላምም እንዲሁ። እንግዳዋ እያየች እኛ አንበላም ብለው ቤተሰቡ በሙሉ ለእኔ ሲሉ ሽሮ እየበሉ ነበር። እኔ ደግሞ ዕቃቸውን ስቆጥር ነው ያመሸሁት። አፈርሁ፤ ቅናቱ ግን አልወጣልኝም።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እትየ ዘውዴ ቤት

ከስብሰባው ስንወጣ ስኳር ገዛሁና እትየ ዘውዴን ሰላም ብየ ልምጣ አልሁ። መኪያ እኔም ካልመጣሁ አለች። ብትቀርልኝ በወደድሁ።

እትየ ዘውዴ በሩ ላይ አቅፋ ሳመችኝ። ውስጥ አልጋው ተነጥፏል፤ ነጭ አንሶላ፣ በላዩ ገና ያልታጠበ አዲስ ጋቢ። አንዲት ቀይ ዶሮ እግሯ ታስሮ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«ትናንት እስከ አሥር ሰዓት መናኸሪያ ነበርሁ፤ በኋላ ረዳቱ አስፋልቱ ዳር መውረድሽን ነገረኝ» አለች እትየ ዘውዴ። ቁጣ የለበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«እኔ ነኝ ያስቀረኋት እትየ» አለች መኪያ። «ብቻየን እፈራለሁ ብየ ለመንኋት።»

ውሸቷን ነው። ለእኔ ብላ መዋሸቷን አውቃለሁ፤ ግን እንዲህ ጥሩ መሆኗም አስቀናኝ።

ወዲያው ወደ አያ አለልኝ ዞረች። «ይህ እንዴት ነው የሚሠራው?» ትላለች፣ ክሩን ጎንበስ ብላ ታያለች፣ ትጠይቃለች። አያ አለልኝ ዝምተኛ ናቸው፤ ያን ዕለት አፋቸው ተፈታ።

«ነይ እስኪ ወርውሪ» አሏት።

በድሩ መካከል ክር የሚያሳልፉበትን መወርወሪያ ሰጧት! ከልጅነቴ ጀምሮ ክር ትበጥሽብኛለሽ እያሉ የከለከሉኝን መወርወሪያ። ወረወረች፤ መሬት ወደቀባት፤ እሳቸው ሳቁ። አያ አለልኝ ሲስቁ ጥርሳቸውን ያየሁት ያኔ ነው።

«አያ፣ እኔስ?» አልሁ።

«አንችማ እንግዳ ነሽ፤ እጅሽ ይቆሽሻል» አሉኝ።

እትየ ዘውዴ የዶሮዋን እግር ፈታች። መኪያ የማትበላውን ላርድ ነው እንዴ ብላ ከጎረቤት የጣና ዓሣ አስመጥታ ጠበሰች። ለእኔ ልትታረድ የተገዛችው ዶሮ በመኪያ ምክንያት ተርፋ በአጠገቤ እየጫረች አለፈች።

በልተን ስንነሳ እትየ ዘውዴ አልጋውን አየችው። «ለእንግዳ የተነጠፈ አልጋ ሰው ሳይተኛበት አይነሳም፤ እኛ ቤት ደግ አይደለም።»

አሁን ለምኝኝ፣ እቀራለሁ እያልሁ በሆዴ ስጠብቅ መኪያ ቀደመችኝ። «እትየ፣ እኔ ልደርበት?»

«ደስታየ ነው።»

«እኔም እቀራለሁ» አልሁ ቶሎ ብየ።

«አይሆንም ባንቹየ» አለች እትየ ዘውዴ። «እነሱ ቤት እራት ተሠርቶ ይጠብቃል። መኪያ ብትቀር ዘመዳቸው ናት፣ ስቀው ያልፉታል። ዕቃሽን ካሳረፍሽበት ቤት አንችም ብትቀሪ ግን እኔን ይቀየሙኛል። የመረጥሽው ቤት ግቢ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ብቻየን ተመለስሁ። የብቻ ክፍሉ ያን ዕለት በእውነት የብቻየ ሆነ። ስትፈልጊው የነበረው ሴራሚክ ይኸውልሽ እያልሁ ራሴን ስሳደብ ነጋ።

ረቡዕ፣ የንባቡ ቀን

አዳራሽ በር ላይ ስጠብቅ ሦስቱ አብረው መጡ። አያ አለልኝ ሥራ ፈተው መጥተዋል። መኪያ የእትየ ዘውዴን ክንድ ይዛለች፤ የሚያያቸው ሰው እናትና ልጅ ነው የሚለው። ተርታየ ሲደርስ መድረክ ላይ ወጣሁ። ርብ የሞላ ዓመት ጥጃችንን በጀርባው አዝሎ ስላወጣው አባቴ ነው የጻፍሁት። አንብቤ ስጨርስ እትየ ዘውዴ በነጠላዋ ዓይኗን እየጠረገች አጠገቧ ላሉት ሁሉ «የእህቴ ልጅ ናት፣ የእህቴ» ትላለች። መኪያን ጭምር ትነግራታለች።

ወርጄ ሄድሁና ጆሮዋ ላይ «እትየ፣ ዛሬ እናንተ ዘንድ ልደር» አልኋት።

«እናትሽ ዛሬ ትመጣለች ብላ ትጠብቃለች» አለችኝ። «አልጋውንም መኪያ አንስታው ነው የወጣች። ስትመጭ እንደገና ይነጠፋል።»

«ሰኞ በራሴ ፈቃድ ነው የወረድሁት። መኪያ አላስቀረችኝም።»

«አውቃለሁ ልጄ» አለችና ጉንጬን ሳመችው።

ይፋግ የገባነው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። እናቴ ሻንጣየን እየተቀበለች «አልጋው ተመቸሽ?» አለችኝ።

«መኪያን ጠይቂያት» አልሁና ሁሉንም ነገርኋት። አልተቆጣችም፤ ሌላ ከረጢት አምጥታ ለእትየ ዘውዴ ሽምብራ መስፈር ጀመረች።

ከዚህ ጉዞ የተማርሁትን ልንገራችሁ። ከተማ ስትሄዱ የቤቱን ወለል ከመጠየቃችሁ በፊት ማን ቁሞ እንደሚጠብቃችሁ ጠይቁ። እኔ የሰው ቤት ሲሆን ዕቃውን በአንድ ዓይን ቆጥሬ እጨርሳለሁ፤ የራሴ ሰዎች ቤት ምን እንዳለ ግን መኪያ ገብታ ስታየው ነው ያየሁት።

ለገና ዕረፍት ወረታ እሄዳለሁ። መኪያ «አያ አለልኝ ናፍቀውኛል፣ አብሬሽ ልምጣ» አለችኝ።

አስብበታለሁ አልኋት።