የታናሽ እህት ደም

ጉዴ ዘወትር ጠዋት፣ ጎጆ ከተማ ገበያ ወርዳ ድንቿን ከመዘርጋቷ በፊት፣ የልጇን የዱሬቲን ግንባር በእጇ ጀርባ ትዳስሳለች። ትኩሳት ካለ ቀኑ የሐኪም ቤት ነው፤ ከሌለ የገበያ። ካንሰር የያዘው የዱሬቲ አንድ ኩላሊት አዲስ አበባ በቀዶ ጥገና ወጥቷል። የቀራት በየጊዜው በደም ሥሯ የሚሰጣት መድኃኒት ነው።

መድኃኒቱ ፀጉሯን አርግፎታል፤ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሴሎችም ያመናምናል። ሴሎቹ ካነሱ ሐኪሙ እስኪያገግሙ ድረስ መድኃኒቱን አይሰጥም። ጉዴ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ በከንቱ ከተመለሰች በኋላ፣ የልጅቷን ደም አስቀድማ አምቦ እንድታስመረምርና ውጤቱ ጥሩ ሲሆን ብቻ እንድትመጣ ተነገራት። እሷ ግን ሕክምናው በዘገየ ቁጥር ካንሰሩ የሚያድግ መሰላት። ማንንም አልጠየቀችም።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት አንድ ቀን ዱሬቲን ለአክስቷ ትታ፣ በቁመት የምትስተካከላትን ታናሿን ሃዋኒን ይዛ አምቦ ወረደች። ራሷን በዱሬቲ ሻርፕ ሸፈነችላት፤ ስሟን ለማንም እንዳትናገርም አስጠነቀቀቻት። ልጅቷ ጨዋታ መስሏት መንገዱን ሁሉ አፏን በእጇ ይዛ ሄደች።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ ወይዘሮ ብርቅነሽ፣ ዱሬቲን ከመውጋቷ በፊት ሁልጊዜ ሻርፑን ገፋ አድርጋ አናቷን ትስማታለች። ያን ዕለትም እንደ ልማዷ ጎንበስ አለች። ከሻርፑ ሥር ቅቤ የተቀባ ሹሩባ ወጣ።

«ፀጉሯ ምነው ቶሎ በቀለ?» አለች ብርቅነሽ።

ሃዋኒ ወደ እናቷ ዞረች። «አዮ፣ ስሜን አልተናገርኩም።»

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ቀና አሉ። ብርቅነሽ መርፌውን አስቀምጣ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጉዴ፣ በዚህች ልጅ ውጤት ለዱሬቲ መድኃኒት ቢሰጣት፣ ተራ ጉንፋን ይገድላት ነበር። የሚከላከልላት ነገር አይኖርም።»

ጉዴ ካንሰሩስ አያድግም ወይ ብላ ልትጠይቅ አሰበች፤ አግዳሚው ላይ ያሉትን ሴቶች አየችና ተወችው። ሻርፑን መልሳ ለማሰር ሞከረች፣ ቋጠሮው እምቢ አላት። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ፣ ልጅቷን በእጇ ይዛ፣ በሴቶቹ ፊት አቀርቅራ አለፈች። ሚኒባሱ ውስጥ ሃዋኒ ጨዋታውን አሸንፋ እንደሆነ ጠየቀቻት። 

በማግስቱ ጉዴ ዱሬቲን አመጣች። ብርቅነሽ እንደ ልማዷ አናቷን ሳመቻት፤ ጉዴ ግድግዳውን ታይ ነበር። ነጭ የደም ሴሎቹ ከሚፈለገው በታች ሆነው ተገኙ። መድኃኒቱ ለሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ።