ወደ ጅዳ የሄደው እንግሊዝኛችን

ትናንት ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ ሐያት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው። እዚሁ ጭሮ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። «አኮ፣ ስሚ፣ ስሚማ!» አለችኝ። አኮ በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው። ስልኩ ውስጥ አንድ ልጅ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ይደናቀፋል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ለካ ተማሪዎቿን እየቀዳች መልሳ ታሰማቸዋለች። የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ ይስቃሉ፣ ስህተታቸውን ራሳቸው ይይዙታል፣ ከዚያ እንደገና ልንገር እያሉ ይሻማሉ።

«አዲስ ዘዴ ነው» አለችኝ ፊቷ እየበራ።

ምግቧን አቀረብኩላት። አዲስ አለመሆኑን ለመናገር ረጅም ወሬ ያስፈልገኝ ነበር፣ እሷን ደግሞ ርቧታል። በልታ ስትጨርስ ነገርኳት።

ያደግሁት ሂርና ነው። ከጭሮ ወደ ሐረር ያለፈ ሁሉ ሂርናን ያውቃታል፤ መኪናው ቆም ሲል መስኮቱ በጫትና በሸንኮራ የሚሞላበት ቦታ ናት። አባቴ ጫት ነጋዴ ነበር። ገበሬዎቹ ጤዛው ሳይደርቅ ያመጡትን ጫት እኔ እለይና እቋጥር ነበር፣ እንዳይጠወልግ በእርጥብ ቅጠል እጠቀልለዋለሁ፣ የጭነት መኪናው ጡሩንባ ሲነፋ እንሮጣለን። እስካሁን ዝናብ ሲያባራ የእርጥብ ጫት ሽታ ይመጣብኛል፣ ጭሮ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለም ይመጣብኛል፤ የዕድሜ ነገር ነው መሰለኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ወልጄ፣ ከልጆቼ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ያን ጊዜ የምትማረው ታናሽ እህቴ ነጃት ነበረች፤ ከሁለታችን አንዷ ለጫቱ መቅረት ነበረባት፣ ታላቋ እኔ ነበርኩ።

ግቢያችን ውስጥ ባለችው ትርፍ ክፍል መምህር ጌታሁን ተከራይቶ ይኖር ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው ነው። የነጃት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። ትምህርት ቤቱ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሬዲዮ አለ፣ ግን ሬዲዮ ማንንም አይጠብቅም፤ ተናግሮ ያልፋል፣ ልጆቹም አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። መምህሩ የራሱን ቴፕ ተሸክሞ ይሄድ የጀመረው ለዚህ ነው። «ቴፕ አቁም ሲሉት ይቆማል፣ ድገም ሲሉት ይደግማል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ይሰማል» ይል ነበር። ልጆቹን ሊቀዳ ነበር ሐሳቡ። ግን የመቅጃዋን ቀይ ቁልፍ ሲጫናት ክፍሉ ሁሉ ድዳ ይሆናል። ነጃት ደግሞ ከሁሉ ትብሳለች፤ ጽፋ ትጨርሰዋለች፣ ከአፏ ግን አንዲት ቃል አይወጣም።

አንድ ማታ የማሽላ ቂጣ በሁልበት፣ በአብሽ ማጥቀሻ፣ እየበላን፣ አባቴ መምህሩን ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠውና ሐሳቡን ተናገረ።

«ነጃት ከዚህ ዓመት በኋላ ትምህርት ይበቃታል። ጫቱ እጅ ይፈልጋል።»

መምህሩ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰ። «ኧረ እባክዎ! ልጅቷ ጎበዝ ናት።»

«ጎበዝ ከሆነች እንግሊዝኛዋ የታለ? አንተ መምህር፣ ወላሂ እኔ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።» አባቴ አማርኛውን ገበያ ላይ ነው የተማረው፤ ለሹሙም ለሕፃኑም «አንተ» ነበር የሚለው፣ ማንም አይቀየመውም።

«ብትናገር ያምናሉ?»

«እኔ ምን አውቄ? እንግሊዝኛ ይሁን የጂን ቋንቋ በምን እለያለሁ?» አለና ትንሽ አሰበ። «ወንድሜ ኡመር ያውቃል።»

አጎታችን ኡመር ጅዳ ሆስፒታል ውስጥ ይሠራ ነበር፣ ከህንዱም ከፊሊፒኑም ጋር በእንግሊዝኛ ነበር የሚግባባው። በዚያ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ በቤታችን ብዙ ስላልነበረ ካሴት ነበር የምንላላከው። ቤተሰቡ ቴፕ ከብቦ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ በተራው ይናገራል፣ ካሴቱ በሰው እጅ ይሄዳል። አባቴ ፈረደ፦ ነጃት ለአጎቷ በእንግሊዝኛ ትናገር፣ ኡመር «ይህ እንግሊዝኛ ነው» ካለ ትቀጥል፤ ካላለ ከእህቷ ጋር ጫት ትቋጥር።

በማግስቱ መምህሩ ቴፑን ግቢያችን አመጣው። የቴፑን ባትሪ ድንጋዮች እንዲበረቱ ብለን ጠዋት ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስመትተናቸዋል። ነጃት መጽሐፏን ይዛ ተቀመጠች፣ ቀይዋ ቁልፍ ተጫነች፣ ነጃት ጀመረች፦ ይህ ብዕር ነው፣ ያ ወንበር ነው። ወዲያው ድምፅዋ ጠፋ። እንደገና ብዕር፣ እንደገና ወንበር፣ ከዚያ እንባ። መምህሩም አንገቱን ደፋ።

እኔ ጫቴን እየለየሁ ነበር። ንዴት ያዘኝ።

«አንቺ፣ ስንት ዓመት ያላየሽውን አጎትሽን ገና ሳትጠይቂው ስለ ወንበር ታወሪዋለሽ? ሰላም የለ፣ ደህና ነህ የለ?»

የእኛን አገር ካሴት የሰማ ያውቃል። ግማሹ ሰላምታ ነው። ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ዝናቡ፣ ፍየሏ ሳይጠየቅ ጉዳይ አይነሳም። መምህሩ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ሳቁ መጣ። «ዘይነባ፣ ነይ ተቀመጪ። እንደምታወሩት እናውራ፣ ቋንቋው ብቻ ይለወጥ» አለ። እኔ እንደ ልማዴ በኦሮምኛ ጥያቄውን አነሳለሁ፣ ነጃት ወደ እንግሊዝኛ ታዞረዋለች፣ ቃል ሲጎድላት እሱ ያቀብላታል። ቀዳን፣ ሰማን፣ ሳቅን፣ አጥፍተን ደግመን ቀዳን። ነጃት የራሷን ድምፅ ስትሰማ መጀመሪያ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፣ በኋላ ግን «አይ፣ ይቺን ቦታ አበላሽቻታለሁ፣ መልሰው» ማለት ጀመረች። ያ ነገር ሁለት ገበያ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። እኔም ከመስማት ብዛት «ሃው ኢዝ ዩር ሃውስ» ማለት ለመድኩ፤ ቤትህ እንዴት ነው ማለት ነው። በመጨረሻው ካሴት ላይ ነጃት ያቺን ዓረፍተ ነገር ለኔ ተወችልኝ።

ካሴቱ ወደ ጅዳ ሄደ። ክረምቱ ገባ፣ በቆሎው አድጎ እሸት ሆነ፣ መልስ የለም። ነጃት እሸት ስጠብስላት እንኳ አትበላም ነበር። አባቴ አይናገርም፣ ግን ለእሷ የሚሆን የጫት መለያ ማዳበሪያ ጆንያ ገዝቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ያቺ ጆንያ ከንግግር ትከፋለች።

በመጨረሻ አንድ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ከጅዳ የተመለሰ ሰው ያንኑ የእኛን ካሴት፣ በጀርባው የአጎቴ መልስ ተቀድቶበት፣ አመጣው። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችን ሞላ። መምህሩ ቴፑን ጉቶ ላይ አስቀመጠው። አጎቴ ቢስሚላህ ብሎ ሰላምታ ጀመረ፤ የእያንዳንዳችንን ስም ጠራ፣ ለሞቱት ዱዓ አደረገ፣ የላሟን መውለድ ጠየቀ። ነጃት ጥፍሯን ትበላለች። «ስለ ልጂቱ እንግሊዝኛ ከሆነ...» ሲል ድምፁ እየወፈረ፣ እየተጎተተ፣ እንደ ታመመ በሬ አጉረመረመና ቆመ። ድንጋዩ አለቀ!

«አይ ኡመር! አሁን ነው የምትሞተው?» አለ አባቴ፤ ጎረቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ጎረቤታችን ባለ ሱቁ ራሱ ሮጦ ሄዶ አዲስ ድንጋይ አመጣ።

የአጎቴ ድምፅ ተመለሰ። «ስለ ልጂቱ እንግሊዝኛ ከሆነ እኔ አልፈርድም። አሁን በእንግሊዝኛ እናገራለሁ፣ ነጃት ትንገራችሁ። ወንድሜ፣ ፈራጁ አንተ ነህ።»

ከዚያ በእንግሊዝኛ ቀጠለ። መምህሩ እያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር ላይ ቴፑን ያቆማል። ነጃት ቴፑ አጠገብ ቆማ ነበር።

«ቤቴ ደህና ነው ይላል» አለች። «ዝናብ የለም፣ ጅዳ እሳት ናት ይላል። ፍየል የለኝም፣ ስለ ፍየል የጠየቃችሁኝ ግን እናንተ ብቻ ናችሁ ይላል።» ሰው ሳቀ። ቴፑ ቀጠለ፣ ቆመ። ነጃት ግን አልተናገረችም። አባቷን አየች፣ መሬት አየች።

«አልገባትም» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ገብቶኛል» አለች ነጃት። «ነውር ሆኖብኝ ነው።»

«ተናገሪ!» አለ አባቴ። «ምን አለ?»

«አባታችሁ ልጅ እያለ... ከቁርአን ቤት ጠፍቶ ማሽላ ውስጥ ይደበቅ ነበር ይላል። አንድ ቀን እዚያው ተኝቶ፣ የለበሰውን ሽርጥ ጦጣ ይዛበት ሄደች። ራቁቱን ሆኖ እስኪመሽ አልቅሷል ይላል።»

አባቴ አፉን በእጁ ያዘ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የተቆጣ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ያ ሳቅ መጣ፣ እንባው እስኪወርድ። «ወላሂ እውነት ነው! ይህን ከኔና ከኡመር በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፤ እናታችን እንኳ ሳታውቅ ነው የሞተችው! ልጄ ሰምታዋለች! እንግሊዝኛው ልጄ ሆድ ውስጥ ገብቷል!» እያለ ተነሥቶ ጆንያዋን ከግድግዳ አወረደና ለጎረቤት ሰጣት። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ መምህሩ በኩራት ቴፑን እንደ ሕፃን አቅፎታል።

«ቆይ፣ አልጨረሰም» አለች ነጃት። የመጨረሻዋን ሰማች። «ቤትህ እንዴት ነው ያለችኝ ድምፅ ዘይነባ ናት ወይ? በርትታለች በሉልኝ ይላል።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺም?» አለ። እጁን አንሥቶ እልልታውን አስቆመና መምህሩን «ካሴቱን ገልብጠህ ያንን የዘይነባን ቦታ አሰማን፣ ሁሉም ይስማ» አለው።

በሚቀጥለው መስከረም የመምህር ጌታሁን ክፍል ሴት ልጆች በዝተውበት ወንበር ጠቦ ነበር። ካሴት ያለው ሁሉ ካሴቱን ይዞ ይመጣል፣ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ሰላምታ ይላላካሉ፣ የጫት መኪናዎቹ ካሴቱን ለበደሳና ለሚኤሶ ልጆች ያደርሳሉ። ነጃት በኋላ ራሷ አስተማሪ ሆነች።

ሐያት ይህን ሰምታ ስልኳን አስቀመጠች። «አኮ፣ አንቺ አልቆጨሽም? ያን ያህል ቀርበሽ ትምህርት ቤት ሳትገቢ መቅረትሽ?»

አልቆጨኝም ብላት ውሸት ነው። ጫቱን ሳስር የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል አንጀቴን የሚበላኝ ጊዜ ነበር። ግን ያን ዓርብ አስባለሁ። የሂርና ሰው ሁሉ ዝም ብሎ፣ ሽማግሌው አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ አባቴ እጁን እንዳነሣ፣ የኔን አንዲት ዓረፍተ ነገር አዳመጠ። ከዚያ በፊት እንኳን በእንግሊዝኛ፣ በኦሮምኛም ስናገር ወንዶች ወሬያቸውን አቋርጠው አያውቁም ነበር።