ቀጭን ጨረቃ ለእናቴ

ከደሴ መነሻ

ደሴ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈሬ የተነሳሁት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። በአንድ እጄ ትንሿን ባለ ሌንስ ቴሌስኮፕ፣ በሌላው ማቆሚያዋን ይዣለሁ። አዲሷን ጨረቃ ፎቶ ሳላነሳ ደሴ አልመለስም ብዬ ለራሴ ምያለሁ።

ነገሩ የእናቴ ነው። እናቴ አዲስ ጨረቃ ባየች ቁጥር እጇን ዘርግታ ዱዓ ታደርግና ሌላ ነገር ሳታይ ፊቷን ወደ ልጆቿ ታዞራለች። ከአዲስ ጨረቃ ቀጥሎ የሚታየው የሚወዱት ሰው ፊት መሆን አለበት ትላለች። አሁን የቀኝ ዓይኗ ጠፍቷል፤ የግራውም እየጠበበ ነው። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም ብሎናል። በየወሩ ወደ ሰማይ ስንጠቁምላት «አየኋት፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች። እኔ ግን ጣታችንን ተከትላ ቀና ትላለች እንጂ ጨረቃዋን የምታገኛት አይመስለኝም። በቴሌስኮፑም ሞክረን ዓይኗን ከጠባቡ መመልከቻ ጋር ማገጣጠም አልሆነላትም። መተዳደሪያዬ ፎቶ ቤት ነው። የቀረው ብርሃኗ ሳይሟጠጥ ጨረቃዋን በትልቅ ወረቀት አትሜ ላሳያት ቆረጥሁ።

እሷ የምትወዳት ደግሞ ገና የወጣችውን፣ ክር የመሰለችውን ነው። ከደሴ በስተምዕራብ የቆመው ጦሳ ተራራ ያቺን ቀጭን ጨረቃ ሰማዩ ሳይደበዝዝ ይውጣታል። ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው ብዬ ቁልቁል ወረድሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ቴሌስኮፑን እንደ ሕፃን ታቀፍሁ። ለማቆሚያው የአንድ ሰው ሂሳብ ከፍዬ ወንበር ያዝሁለት። ከጎኔ የነበሩት ሴትዮ «መንገደኛው ቀጠን ብሏል» ብለው ሳቁ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወርድ ሌንሱ እንዳይጋጭ ስጠብቅ አንዴም በመስኮት አላየሁም።

ኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ ስደርስ የደሴ ብርድ ያስለበሰኝን ጃኬት አወለቅሁ። ፉል በዳቦ በላሁ፣ የፓፓያ ጭማቂ ጠጣሁ፣ ከዚያም ከከተማው ዳር ባዶ ሜዳ ላይ ቴሌስኮፑን ተከልሁ። ከአንድ ግንድ ላይ ተቀምጠው የሚያዩኝ ሽማግሌ ተነስተው መጡ። ጋሼ እንድሪስ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። እስኪመሽ ድረስ ሩቅ ያለውን የፋብሪካ ጭስ ማውጫ አሳየኋቸው።

«ተዘቅዝቋል እኮ! ዓለሙን ገልብጠህ ነው የምታይ?»

«ሌንሱ እንዲህ ነው የሚያሳየው፣ ጋሼ። ስልኬን መመልከቻው ላይ ደግኜ ፎቶ አነሳለሁ፤ ኋላ ፎቶውን አዞረዋለሁ።»

ፀሐይ ካሰብሁት ቀድማ ከተራራው ጀርባ ገባች። ጠበቅሁ። ሰማዩ ቀላ፣ ደበዘዘ፣ ኮከብ ወጣ፤ ጨረቃ የለችም። ጋሼ እንድሪስ በእጃቸው ወደ ተራራው እየጠቆሙ፦

«አብዱ ነው ያልኸኝ? ከግድግዳ ሥር ቁመህ ሰማይ ጠፋብኝ ትላለህ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ቀና ብዬ በደንብ ያየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ጦሳን ስረግም ኖሬ፣ እኔ የወረድሁበት ዳገት ለኮምቦልቻ ሰው ጦሳው መሆኑን አላሰብሁም። አፈርሁ፤ በራሴም ተናደድሁ።

«ነገ ሐረጎ እንወጣለን» አሉ። «ስንት ዘመን ስነዳ አዲስ ጨረቃ የማየው እዚያ ነው። ነገም ቢሆን ቀጭን ናት፣ አብሽር።»

«እርስዎማ አይድከሙ።»

«ወላሂ ያለኔ አታገኘውም።»

ሐረጎ

ኮምቦልቻ አደርሁ። በማግስቱ ከአሥር ሰዓት በኋላ ከጋሼ እንድሪስ ጋር ሐረጎ አናት ላይ ከሚኒባስ ወረድን። ትናንት አቀርቅሬ ያለፍሁት ቦታ ነው። ጦሳ ከዚህ ሲያዩት ርቆ ዝቅ ብሏል። ነፋሱ ግን ቴሌስኮፑን ያወዛውዘዋል። ጋሼ እንድሪስ ጋቢያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው እንደ መጋረጃ ወጠሩልኝ።

ፀሐይ ገብታ ሰማዩ ከብርቱካን ወደ ሰማያዊ ሲዞር አየኋት። ሁለት ቀንዷን ወደ ላይ አድርጋ በጀርባዋ ተንጋላለች። የቀረው ገላዋ እንኳ በስሱ ይታያል። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ዳገቱን የሚወጣ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ፎቶውም ይደበዝዛል። ጨረቃዋም አንድ ቦታ አትቆምልኝም፤ ከመመልከቻው እየተንሸራተተች እንደገና መፈለግ ነው። ዐሥር ጊዜ አነሳሁ፤ ዐሥሩም ተበላሸ።

«ተው፣ አትቸኩል» አሉ ጋሼ እንድሪስ። «እኔ ልስማልህ።»

ጋቢውን እንደወጠሩ ጆሯቸውን ወደ መንገዱ ሰጡ። «ጠብቅ፣ የተጫነ ነው። ማርሽ ቀነሰ። ገና ነው... ከኋላው ሌላ አለ... አሁን አንሳ።»

እሳቸው አንሳ ሲሉ እያነሳሁ፣ ጠብቅ ሲሉ ትንፋሼን እየዋጥሁ ቀጠልሁ። ጨረቃዋ ከመጥለቋ በፊት ሦስት ጥርት ያሉ ፎቶዎች ያዝሁ። ጋሼ እንድሪስ ክንዳቸው ደንዝዞ ጋቢውን መልሰው መልበስ አቃታቸው፤ እኔ አለበስኋቸው።

«እናትህን ሰላም በልልኝ» ብለውኝ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። እኔም ወደ ደሴ አቀናሁ።

ቤት

ጠዋት ፎቶ ቤቴን ከፈትሁና ካለኝ ወረቀት በትልቁ አተምሁት። እየሮጥሁ ቤት ገባሁ። እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ጨረቃ አምጥቼልሻለሁ፣ እማ» ብዬ ሰጠኋት። ሌላ ምንም አላልሁም።

ወረቀቱን ወደ ግራ ዓይኗ አስጠግታ ቀስ እያለች ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሰችው። ቆየች።

«ማሻአላህ» አለች።

እናቴ ማሻአላህ የማትልለት ነገር የለም። ተስፋዬ ተሟጠጠ። ዛሬም ለእኔ ስትል ነው አልሁ በልቤ። እሷ ግን ጣቷን በጨረቃዋ ጉብጠት ላይ አስኪዳ ፊቷን ቋጠረች።

«አብዱ፣ ለምን ደፋሃት? የእኛ አገር ጨረቃ በጀርባዋ ነው የምትተኛ።»

ዞሬ አየሁ። እውነቷን ነው፤ ቀንዶቿ ወደ ታች ናቸው። ስንት ዓመት የሰው ፎቶ ሳስተካክል ኖሬ ይህችን አንዷን ከጥድፊያዬ የተነሳ ሳላዞር አትሜአታለሁ። ይህን ደግሞ ማንም አልነገራትም፤ ራሷ አይታ ነው። እንባዬ መጣ።

«ያለፉትን ወራት ጨረቃስ ታዪያት ነበር፣ እማ?»

«የአንዳንዱን አይቻለሁ። የአንዳንዱን ለእናንተ ብዬ ነው።»

ተራራ ሲከልል ወደ ታች መሸሽ እንደማያዋጣ ጋሼ እንድሪስ አስተምረውኛል። ያልተማርሁት እናቴን መጠየቅ ነበር። ይህን ሁሉ ወር ስጠረጥራት አንድ ቀን እንኳ በቅንነት አልጠየቅኋትም።

ወረቀቱን ራሷ አዙራ፣ ጨረቃዋን በጀርባዋ አስተኝታ ደግማ አየቻት። ከዚያ ጭኗ ላይ አኑራ፣ ሌላ ነገር ሳታይ፣ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። በግራ ዓይኗ ፈልጋ አገኘችኝ።

«ከስተሃል» አለችኝ።